የወንድምአገኝን ሞት ማን ይለፍፋል?

አማቴ አባባ አንለይን አንድ ተራ ቀን ስንት እንደሚያስወጣቸው ቆጥሬዋለሁ። ከአልጋ ተነስቶ ለመቀመጥ ሦስት ሙከራ። ሸሚዝ ለመቆለፍ ሃያ ደቂቃ፤ ቁልፉ አምስት ነው፣ ልርዳዎ ስል ግን እጄን ይመቱኛል። ድሮ ከአልጋቸው እስከ ደጃፉ አምስት እርምጃ ነበር። ዛሬ አስራ ዘጠኝ ነው፣ እግራቸው አይነሳማ፣ መሬቱን እየላሰ ነው የሚሄደው። አንድ ብርጭቆ አጥሚት ግማሽ ሰዓትና አንዳንዴም ትንታ ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጠፋሉ፤ ዓይናቸው ተከፍቶ ተቀምጠዋል፣ እሳቸው ግን እዚያ የሉም። በዚህ ሁሉ መሃል ከሌሉ ልጆች ጋር መዋል አለ። እሱ እንደ ቀኑ ነው።

ቂም ግን ምንም አያስወጣቸውም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጭንቅላታቸው ጥርት ሲል መጀመሪያ የሚጠይቁኝ፣

«ወንድምአገኝ አለ?» ነው።

«አለ፣ አባባ።»

«ጤናውስ?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ገንፎውን አምጪው። ዛሬም መብላቴ ነው።»

ሌላ ሽማግሌ ልጅ ለመዳር፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ይኖራል። የኔ አማት ወንድምአገኝን ለመቅበር ይኖራሉ። እንዲህ ስል የምቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥሩንባ ነው። አባባ አንለይ ከወሎ የመጡት በደርግ ጊዜ በሰፈራ ነው፣ ገና ሠላሳ ሳይሞላቸው። ያኔ አሶሳ ዙሪያ ወባው ሰውን እንደ ቅጠል ያረግፈው ነበር አሉ። በአንዱ ጎጆ ሰው ሞቶ ጎረቤቱ ሳይሰማ ያድራል፤ ሰዉ ገና አልተዋወቀም፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ አይታወቅም። እሳቸው እየዞሩ «ዛሬ እገሌ አርፏል፣ አካፋ ያለህ ና» ማለት ጀመሩ። ድምፃቸው ሲዘጋ በአጠገባችን ካለው መንደር አንድ የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ ከቀርከሃ ክንድ ተኩል የሚሆን ጥሩንባ ሠርተው ሰጧቸው። ዕድሩ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በኛ መንደር ጥሩንባው ዕድሩን በዕድሜ ይበልጠዋል። የእኚያ ሽማግሌ ልጅ አባ ኡመር ዛሬ የዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ድንኳኑም ድስቱም በሳቸው እጅ ነው።

አባባ አርባ ዓመት ሲለፍፉ አንድ ቀን አልተሳሳቱም። የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩን ሰዓት፣ የመቆፈር ተራው የየትኛው ምድብ እንደሆነ ያለ ወረቀት ይናገራሉ። እሳቸው ያልለፈፉት ሰው የሞተም አይመስል ነበር።

በሽታው ሲመጣ አላወቅነውም። አሁን ወደ ኋላ ሳስበው በሩን አንኳኩቶ ነው የገባው፤ እኛ ነን ያልሰማነው። መጀመሪያ የተበላሸው እንቅልፋቸው ነው። በሕልማቸው ከጅብ ጋር ይታገላሉ፣ ይራገጣሉ፣ ይጮሃሉ። አንድ ጊዜ ባለቤታቸውን እማማ የሻረግን ግንባራቸውን ፈነከቷቸው። እማማ መኝታቸውን ለይተው ለጎረቤት ሁሉ «አርባ ዓመት አብሬው ተኝቼ በስተርጅና በቦክስ አባረረኝ» ይሉ ነበር። ሳቅን።

ቀጥሎ እርምጃቸው አጠረ። ያ መንደር የሚቀሰቅስ ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። ፊታቸው እንደ እንጨት ሆነ፤ ተቆጥተው ይሁን ደስ ብሏቸው ማወቅ አቃተን። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡ መስሏቸው አየር ላይ ይለቁታል። ሆዳቸው አራት ቀን፣ አምስት ቀን ይደርቃል። ይሄን ሁሉ «እርጅና ነው» አልን። እርጅና ስንቱን ይሸከም!

ከዚያ ልጆቹ መጡ። አንድ ቀን ልጄን እያጠባሁ አባባ ወደ ጥጉ እያዩ፣

«ያንቺዋ የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

«ከየትኞቹ?»

«ከነዚህ ነዋ። ግድግዳው ሥር ከተቀመጡት።»

ግድግዳው ሥር የተቀመጠው የበቆሎ ጆንያ ብቻ ነው። ደነገጥኩና «አባባ፣ ማንም የለም!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም ተቆጡ። «የሚያየው የኔ ዓይን ነው ወይስ ያንቺ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ አለ፣ የለም ስንባባል ከረምን። ያ የኔ ጥፋት ነው። የሌላ ሰው ጥፋት ስለምጽፍ የራሴንም ልጻፍ። እማማ ደግሞ ጠበል ወሰዷቸው። ጠበሉ ምንም አልጎዳቸውም፤ ልጆቹ ግን አብረዋቸው ሄደው አብረዋቸው ተመለሱ።

ግራ የሚያጋባው፣ ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ብትመጡ በሰፈራው ዓመት የሞቱትን ሰዎች በተራ ይጠሩላችኋል። ከሰዓት ብትመጡ የቀኝና የግራ ጫማቸው ይምታታባቸዋል። ሰዉም «አንለይ ሲፈልግ ነው የሚያብደው» አለ።

አሁን ወደ ወንድምአገኝ ልምጣ። ወንድምአገኝ የሰሊጥና የበቆሎ ነጋዴ ነው፣ የዕድራችንም ሰብሳቢ ነው። በዕድሜ ታላቄ ነው፣ አንቱ ግን አልለውም። ለምን እንደሆነ ታዩታላችሁ።

አምና በጥቅምት፣ እራት ላይ፣ እማማ «ወንድምአገኝን ወባ ጥሎታል አሉ፤ ክፉኛ ታሟል» ብለው አወሩ። አባባ ሰምተው ተኙ። ጎህ ሲቀድ ዓይናቸውን ሲገልጡ በሩ አጠገብ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሟል። የሞት መልእክተኛ ምንጊዜም የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው፣ ጋቢውን ተከናንቦ። አርባ ዓመት እንደዚያ ነው የመጣው።

«ማነው ያረፈው?» አሉት።

ሰውዬው አልመለሰም።

«ወንድምአገኝ ነው?»

አሁንም ዝም። በለቅሶ ነገር ዝምታ አዎ ማለት ነው። አባባ ጥሩንባቸውን አንስተው ወጡ።

ጋቢው የገዛ ራሳቸው ነው። ማታ ምስማር ላይ ሰቅለውት ነበር።

በኛ መንደር አለፋፈፍ ሥርዓት አለው። ጥሩንባው ከዳር ቤት ይጀምርና መጨረሻ ላይ ሐዘን ቤቱ ይደርሳል፤ ሐዘንተኛው ድምፁን ሲሰማ ሰው ቀድሞ እንዲከበው ነው። ስለዚህ አባባ «ወንድምአገኝ አርፏል! ቀብር ዘጠኝ ሰዓት! ሁለተኛ ምድብ፣ አካፋህን!» እያሉ መንደሩን ሲዞሩ ሰዉ ከፊታቸው እየቀደመ ወደ ሟች ቤት ጎረፈ። የድንኳኑ ምሰሶ መጣ። ሁለተኛ ምድብ መቃብር ቦታ ደርሶ መቆፈር ጀመረ።

ወንድምአገኝ ግን ወባው ለቅቆት፣ በላብ ተነክሮ፣ አልጋው ላይ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ሰው ሲያወራ ነቃ። ለቀስተኛ ደግሞ ድንኳን እስኪተከል ዝም አይልም።

«አይ ወንድምአገኝ! እንግዲህ እዚያስ ሚዛኑን ማን ይይዝለት ይሆን?»

«የዚያኛው ሚዛን አውራ ጣት አይጫንበትም እህቴ።»

«አንቺ! ነፍስ ይማር በይ እንጂ!»

«ነፍስ ይማር። እሱ ግን ማንን ማረ?»

«እኔ እንባዬ እምቢ አለኝ። ሽንኩርት ይዤ በመጣሁ ኖሮ።»

ያን ጊዜ ሬሳው መስኮቱን በረገደው። በቁምጣ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ዓይኑ ቀልቶ። ሴቶቹ ተበተኑ። ድንኳን ተካዮቹ ምሰሶውን ጥለው አጥር ዘለሉ። በዚያችው ደቂቃ አባባ አንለይ ጥሩንባቸውን እየነፉ ግቢው ገቡና ከሟቹ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ትንሽ አዩት።

«ተነሣህ?» አሉት።

መንደሩ ለሳምንት ሳቀ። ወንድምአገኝን ያነደደው ሞተሃል መባሉ አልነበረም፤ በመስኮቱ የሰማው ነው። ግን መንደር ሙሉ ሰው መበቀል አይቻልም። አንድ ሽማግሌ ይቻላል።

በሦስተኛው ቀን እኔ ገበያ ሄጄ ሳለሁ አራት ጎረምሳ አስከትሎ መጣ። «ይሄ ሰውዬ አብዷል፣ ነገ ሰው ይገድላል» ብሎ እማማ እየጮሁ አባባን በባጃጅ ጭኖ ወሰዳቸው። የወሰዳቸው ሆስፒታል እንዳይመስላችሁ። ያለ ፈቃድ በጓዳው መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው ጋ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ግን ደስ ባለኝ። «ማረጋጊያ» ብሎ ወጋቸው፣ ወንድምአገኝም መልሶ በራችን ላይ አራገፋቸው።

ሲመሽ አባባ እንደ ግንድ ደረቁ። ክንዳቸው አይታጠፍም፣ አፋቸው አይከፈትም፣ ምራቃቸውን መዋጥ አቃታቸው። ሰውነታቸው እንደ ምድጃ ጋለ። እማማ ቄስ ይጠራ አሉ። እኔ ልጄን አዝዬ መጀመሪያ ወደዚያ ወጊ ጓዳ ሮጥኩና ከቆሻሻው ውስጥ ባዶውን ብልቃጥ አነሳሁ። «ምን ታደርጊበታለሽ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት። እኔም አውቅ ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ሪም የምትባል የአሶሳ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ተሰጣቸው?» ነበር። ብልቃጡን ሰጠኋት። አነበበችው፣ ፊቷ ተለወጠ፣ ነርሶቹን ጠራች። አባባ ትንሽ ሲረጋጉ ወደኔ መጥታ ጥያቄ ጀመረች።

«በእንቅልፋቸው ይራገጡ ነበር?»

«አዎ።»

«የሌለ ሰው ያያሉ? ሕፃናት፣ እንስሳት?»

«ሕፃናት።»

«ጠዋት ደህና ሆነው ከሰዓት ይደነዝዛሉ? እርምጃቸው አጥሯል? ይወድቃሉ?»

ቤታችን ጥግ ተቀምጣ ያየችን ነው የመሰለኝ። ሌላም ምርመራ ካደረገች በኋላ በሽታው ሌዊ ቦዲ የሚባል የመርሳት በሽታ ዓይነት እንደሚመስላት ነገረችን። በአንጎል ሕዋሶች ውስጥ ጥቃቅን የፕሮቲን ጓል ይጠራቀማል። ሌላው የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ትዝታን ነው የሚበላው፤ ይሄ ግን ትዝታውን ለጊዜው ትቶ ትኩረትን ያዛባል፣ ዓይን ያየውን አእምሮ አሳስቶ ይተረጉመዋል፣ ሰውነትን ያደርቃል። ጋቢው ሰው የሆነው ለዚህ ነው። አንዱ ሰዓት ከሌላው የሚለየውም የበሽታው ጠባይ ነው፤ ማስመሰል አይደለም።

«አላበደም?» አሉ እማማ።

«አላበዱም።»

«የሰው እርግማንስ?»

«አይደለም እማማ። በሽታ ነው። አይድንም፣ ግን ይያዛል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ላይ የተወጉት ዓይነት መርፌ ሊገድል ይችላል። ሐኪም ሳያውቅ ምንም ማረጋጊያ እንዳይሰጣቸው።» ያንን በቀይ እስክሪብቶ በካርዳቸው ላይ ጻፈችው። እማማ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልለው በክር አንገታቸው ላይ አሰሩላቸው፤ «ይሄ ነው ክታብ» ብለው።

አባባ ምላሳቸው የተፈታው በአስራ አንደኛው ቀን ነው። ውሃ አላሉም። የእማማን ስም አልጠሩም።

«ወንድምአገኝ አለ?» አሉ።

ቤት ስንመለስ በሩ ሥር ደብዳቤ ተሰክቶ አገኘን። «አቶ አንለይ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የአባልነት ግዴታቸውን መወጣት ስለማይችሉ ከዕድሩ ተሰርዘዋል።» ማኅተም አለው፣ የወንድምአገኝ ፊርማ አለው። ጥሩንባቸውንም ወስዶ መጋዘኑ ውስጥ ከሰሊጥ ጆንያ በላይ ሰቅሎታል። ለገበያተኛ ያሳየው ነበር አሉ፤ «የሞትኩበት ጥሩንባ ይሄ ነው» እያለ።

ከዕድር መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ መንገር የለብኝም። አካፋ የሚያነሳልህ የለም። አባባ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ፊታቸው እንደ ልማዱ አልተንቀሳቀሰም።

«አርባ ዓመት ስቀብር ኖሬ እኔን ቀባሪ ያሳጣኝ?» አሉ። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፈው ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ እሱን ሳልለፍፈው አልሞትም። አግዥኝ።»

«አግዝዎታለሁ» አልኳቸው። ባሌ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ነው የሚሠራው። ስልክ ደውሎ «ተዉት፣ ሽማግሌ ይግባ» አለኝ። ሽማግሌው ቤታችን አለ አልኩት።

በመጀመሪያ ያ መርፌ ወጊ። ብልቃጡንና የዶክተሯን ወረቀት ይዤ ጤና ቢሮ ሄድኩ። አንድ ቀን ነገ ነይ አሉኝ፣ ሄድኩ። ልጄን ቢሯቸው ወለል ላይ አጠባሁ። በዘጠነኛው ቀን የወጊው በር ታሸገ። አባባን በዚያ በኩል በባጃጅ ይዣቸው አለፍኩና በሩ ላይ የተለጠፈውን የእሸጋ ወረቀት አሳየኋቸው። «አንድ» አሉ።

ለሁለተኛው ዝግጅት ያስፈልግ ነበር። የዕድሩ ደንብ የተሰረዘ ሰው በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቀርቦ አቤት ማለት ይችላል ይላል። ጉባኤው ሁለት ወር ቀርቶታል። ዶክተሯ ያለችኝን ሁሉ በዚያ ሁለት ወር ሠራሁ። ጋቢውን ከምስማር አውርጄ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። አምፖሉን በደማቅ ለወጥኩ፤ ጨለማ ጥግ ሰው ይፈጥራል። እግር የሚጠልፈውን ምንጣፍ አነሳሁ። ከአልጋ እስከ በር ወለሉ ላይ በኖራ መስመር አሰመርኩላቸው፤ እግራቸው ተጣብቆ ሲቀር መስመሩን ልዝለል ሲሉ ይነሳል። የታዘዘላቸውን እንክብል በሰዓቱ እሰጣለሁ። ሻዩን ትቼ ወፈር ያለ አጥሚት አደረግኩት፤ ትንታው ቀነሰ። ጠዋት ጠዋት እስከ ማንጎው ዛፍ በእግር እንሄዳለን።

ስለ ልጆቹም መጨቃጨቅ ተውኩ።

«ዛሬም መጥተዋል» ይሉኛል።

«ለኔ አይታዩኝም፣ አባባ። ያስቸግሩዎታል?»

«ኧረ እንዲያው ተቀምጠዋል።»

«እንግዲያው ይቀመጡ።»

መፈተኛውን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። ለውዝ በመዳፋቸው ይዘው ይዘረጋሉ። የኔ ልጅ እየዳኸች መጥታ ትነጥቃቸዋለች። ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም። «የእውነት ልጅ ይርበዋል» ይላሉ። «እነዚህ የሉም።»

አንድ ደብተር ገዝቼም ሰዓታቸውን እጽፍ ጀመር። መቼ ደህና ነበሩ፣ መቼ ጠፉ፣ ከዚያ በፊት ምን በሉ፣ ማን መጣ። ጉባኤያችን ሁልጊዜ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያ ደግሞ የአባባ ወርቅ ሰዓት ነው። ብዙም ስጋት አልነበረኝም።

ከጉባኤው አምስት ቀን ሲቀረው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዘንድሮ ስብሰባው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው ይላል። ወንድምአገኝ ጎረቤቶቻችንን አንለይ የሚበላሸው በስንት ሰዓት ነው እያለ ሲጠይቅ ሰንብቷል ለካ።

በዚያ ምሽት ደብተሩን ዘረጋሁት። ከአርባ ከሰዓት በኋላዎች ሠላሳ ሦስቱ የጠፉ ናቸው። ሰባቱ ግን ደህና ናቸው። እነዚያን ሰባት ቀናት ብቻ ደጋግሜ አነበብኩ። በሰባቱም ቀን እንግዳ አልመጣም፤ በሰባቱም ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ተኝተው ነበር።

እሁድ የግቢውን በር ቆለፍኩት። ሊጠይቁን የመጡትን ከአጥር ውጭ መለስኩ፤ እማማ «አበ ነፍሱን እንኳ?» አሉኝ፣ «እሳቸውንም» አልኩ። አባባ ምሳ በልተው ተኙ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቀሰቀስኳቸው። ዓይናቸውን አየሁት። ሙሉ በሙሉ አልጠራም፣ እንደ ጠዋት ጭጋግ ከፊሉ ገፍፏል፣ ከፊሉ አለ።

«ወንድምአገኝ አለ?» አሉኝ።

«እየጠበቀዎት ነው።»

«ሸሚዜን ስጪኝ።» ያን ቀን በስምንት ደቂቃ ቆለፉት።

ስብሰባው ከማንጎው ሥር ነው። ወንድምአገኝ ጠረጴዛ አስቀምጧል፣ ጥሩንባውን እንደ ፍርድ ቤት ኤግዚቢት ጠረጴዛው ላይ አጋድሞታል። አቤቱታውን ለማንበብ ስነሣ እጁን አነሳብኝ።

«ወረቀት አያስፈልግም። ሰውዬው ራሱ ይናገር። አንለይ! እስቲ ለጉባኤው ንገር፤ አሁን በዚህ ሰዓት ምን ይታይሃል?»

አንተ አላቸው። በአርባ ዓመት የመንደሩን ሬሳ ሁሉ ያሳረፉትን ሰው። ሰዉ አጉረመረመ። እኔ ግን የአባባ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሲሄድ አይቼዋለሁ።

«ሦስት ሕፃናት» አሉ።

ወንድምአገኝ እጁን ዘረጋ። «ሰማችሁ?»

«ከጠረጴዛህ ሥር» አሉ አባባ። «አንዷ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች።»

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም። እነሱ የሉም። አውቃለሁ፣ ለውዝ ሰጥቼ ፈትኛቸዋለሁ። አንተ ግን አለህ። ልጆቹ ሲጠፉ ይጠፋሉ፤ አንተ ግን በየጠዋቱ አለህ።»

ሳቁ ከኋላ ጀመረና ወደ ፊት መጣ። እማማ የሻረግ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ወንድምአገኝ ጠረጴዛውን ደበደበ። አባባ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ፤ አዋጅ የሚናገር ሰው መጠበቅ ያውቃል።

«ያየሁትን ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ። የሰማሁትንስ? ያን ጠዋት ከኋላችሁ ነበር የመጣሁት። መንገዱን ሁሉ ስታወሩ ሰምቻችኋለሁ። ዓይኔ ነው የታመመው፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ማን ምን እንዳለ ከነአባቱ ስም አውቀዋለሁ። ጥሩንባዬን ስጠኝና ልለፍፈው።»

ያኔ ሳቁ ቆመ። ስለ ሚዛኑ የቀለደችው ሴት ወደ መሬት አየች። ሽንኩርት ያለችው ልጇን መሸፋፈን ጀመረች። ድንኳን ተካዮቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባባ ሲሰረዙ ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያለ ሰው ሁሉ አሁን ላብ አጠመቀው። ወንድምአገኝም ፊቱ አመድ መሰለ፤ በመስኮት የሰማውን ዳግም በጥሩንባ ሊሰማው ነው።

አባ ኡመር ተነሡ። አማርኛቸው አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። «ጥሩንባ የአባቴ ሥራ ነው። አባቴ ለአንለይ ነው የሰጠው፣ ለሰሊጥ አይደለም። ወላሂ፣ ስጠው። አንለይ ወደ ዕድር ይመለስ የሚል እጅ ያውጣ።»

እንደዚያን ቀን እጅ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። የወንድምአገኝ የገዛ እህት እንኳ ሁለት እጇን አወጣች። ወንድምአገኝ ጥሩንባውን በገዛ እጁ አንስቶ አቀበላቸው። አባባ ተቀበሉት፣ ጎንበስ ብለው በጆሮው አንድ ነገር አሉት። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ፤ «ያንተን ቀን በጥሩ ድምፅ ነው የምነፋው» ነው ያሉት።

በባጃጁ ስንመለስ «ሁለት» አሉ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አሁን ጥሩንባው በኔ አልጋ ሥር ነው የሚቀመጠው። ሕግ አውጥተናል። መርዶ ነጋሪ ሁለት ሆኖ ካልመጣ፣ እኔም «አየኋቸው» ካላልኩ ጥሩንባው አይወጣም። ከጉባኤው ወዲህ ሦስት ሰው አርፏል። አባባ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው ይነፋሉ፣ ስሙን አባ ኡመር ይጠራሉ። አልተሳሳቱም። በሽታው እንደሚገፋ ዶክተር ሪም አልደበቀችንም፤ ግን በየወሩ እንሄዳለን፣ ደህና ሰዓታቸውም እስካሁን ሦስት ሰዓት ሙሉ ነው። እኔ በሦስት ሰዓት ብዙ ነገር መሥራት እንደሚቻል አይቻለሁ።

በጾሙ ወንድምአገኝ ሽማግሌ ላከ። ይቅርታ ጠየቀ፣ አንቱ እያለ። አባባ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው ገንፎ አስበሏቸው።

«ይቅር እለዋለሁ» አሉ። «እሱ ሲቀበር።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ለነፍስህ!» አሉ እማማ።

«ነፍሴ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ደህና ናት። የሻረግ፣ አትነካኪያት።»

ያን ጥቅምት ሁለተኛ ምድብ የቆፈረው ጉድጓድ እስከ ጉልበት ደርሶ እንደቀረ ነው። ቆፋሪዎቹ እንድፈነው ሲሉ አባባ ከለከሉ። ክረምቱ ጭቃ ሞልቶበታል፣ ሣር አብቅሏል። በዚያ በኩል ስናልፍ ባጃጁን አስቁመው ያዩታል።

ይሄን የጻፍኩት ጻፊው ስላሉኝ ነው። የመጨረሻውን ቃል ራሳቸው ተናግረው ነው ያስጻፉኝ፣ ዛሬ ጠዋት በአራት ሰዓት፤

«ይሄን የምታነቡ ሰዎች፣ ቤታችሁ የሌለ ልጅ የሚያይ ሽማግሌ ካለ አትጩሁበት፣ አታስወጉት። በእንቅልፉ ይራገጥ እንደሆነ፣ በየትኛው ሰዓት ደህና እንደሆነ ጽፋችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ይሄ ለሱ ነው። ለኔ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ወንድምአገኝ አረፈ ሲባል ከኔ ቀድማችሁ የሰማችሁ እንደሆነ፣ አደራ፣ ሌላ ሰው እንዳይለፍፍ። እኔ ጋ ኑ። ሁለት ሆናችሁ ኑ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ኑ።»